ዳኛ የሌለው ጨዋታ

እኛ አገር ውድድር ሲባል ቀድሞ ጆሮ ውስጥ የሚገባው የፊሽካ ድምፅ ነው። ኳስ ይጠፋና ካልሲ ተጠቅልሎ ይሰፋል፤ ጎል ይጠፋና ሁለት ድንጋይ ይተከላል፤ ዳኛ ግን አይጠፋም። ከጠፋም ከተመልካቹ መሀል አንዱ ምስኪን ተጎትቶ ይገባል። የሚጎተተውም ጨዋታውን እንዲመራ ብቻ ሳይሆን የሚሰደብ ሰው ስለሚያስፈልግ ጭምር ይመስለኛል። የዲፓርትመንታችንን የባች ውድድር ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። ከጨዋታው ሰዓት ስንቱ ኳሱ ላይ፣ ስንቱ ደግሞ ዳኛው ላይ እንደሚያልቅ ቆጥሮ የሚያውቅ የለም። ኳስ በእጁ የነካው ልጅ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ‹‹ኧረ በጭራሽ!›› ሲል ከልቡ ነው የሚመስለው። ዳኛው ካላየ አልነካማ! ማየት የዳኛው ሥራ ነው፤ መካድ ደግሞ የተጫዋቹ።

ይህን የማነሳው ጓደኞቼን ለመውቀስ አይደለም። ዳኛ የሚባል ፍጡር ጨርሶ የሌለበት ውድድር ውስጥ ገብቼ ወጥቻለሁና፣ ያየሁትን ሳላወጋችሁ ብቀር ሆድ ሆዴን ይበላኛል። ውድድሩ ትንሽ ነው። ጋዜጣ ላይ አልወጣም፣ ዋንጫም የለውም። ያም ሆኖ ከአጎቴ ጋር ለአራት ቀን ያህል ሳያነጋግረን ቆይቷል።

ጨዋታው ዲስክ ጎልፍ ይባላል። ጎልፍን በቴሌቪዥን ያየ ሰው ግማሹን አወቀው ማለት ነው። ዱላውንና ትንሿን ኳስ አውጡና በቦታቸው ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ዲስክ አስገቡ። ዲስኩ ከስኒ ማስቀመጫ ሳህን ሰፋ ይላል፣ ዳር እስከ ዳር 21 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ክብደቱም አብዛኛውን ጊዜ ከ150 እስከ 180 ግራም ይሆናል። ጉድጓድ የሚባል ነገር የለም። በጉድጓዱ ቦታ የብረት ምሰሶ ላይ የቆመ ቅርጫት አለ፤ ከቅርጫቱ በላይ ሰንሰለቶች ዙሪያውን ተንጠልጥለዋል። ዲስኩ ሰንሰለቱን መትቶ ቅርጫቱ ውስጥ ሲወድቅ ቅጭልጭል ይላል። ያቺን ድምፅ አንዴ የሰማ ሰው ደግሞ ካልሰማት እንቅልፍ የለውም። ጉድጓድ ሳይኖር አሜሪካኖቹ እያንዳንዱን ቅርጫት ‹‹ሆል›› ማለታቸውን አልተዉም፤ ስሙን ከታላቅ ወንድሙ ከጎልፍ ወርሶታል። ብዙውን ጊዜ 18 ሆል ነው፣ አንዳንድ ቦታ 9 ብቻ። ከመነሻው ትወረውራለህ፣ ዲስኩ ካረፈበት ቆመህ እንደገና ትወረውራለህ፣ እንዲህ እያልክ ቅርጫቱ ውስጥ ታስገባለህ። በጥቂት ውርወራ የጨረሰ አሸነፈ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሲወራ ቀላል ነው። ዲስኩ ግን የራሱ ጠባይ አለው። በቀኝ እጅህ ክንድህን ወደ ደረትህ አጥፈህ ስትወረውረው መጀመሪያ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ይመስልሃል፤ ፍጥነቱ ሲቀንስ ወደ ግራ ይታጠፋል። ለዚህም ብዙዎቹ ዲስኮች ላይ አራት ቁጥር ተጽፏል። አንደኛው ስለ ፍጥነቱ፣ ሁለተኛው አየር ላይ ስለመንሳፈፉ፣ ሦስተኛው መጀመሪያ ላይ ስለመታጠፉ፣ አራተኛው መጨረሻ ላይ ስለመታጠፉ ይናገራል። ሰው ሲወለድ እንዲህ አራት ቁጥር ግንባሩ ላይ ቢጻፍለት ስንት ጋብቻ ከመፍረስ በዳነ!

የጨዋታው ዕድሜ ብዙ አይደለም። ዋም-ኦ የተባለው የአሜሪካ መጫወቻ አምራች የሚወረወረውን የፕላስቲክ ዲስክ ገበያ ላይ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። ከዚያው ኩባንያ ሠራተኞች አንዱ የነበረው ኤድ ሄድሪክ በ1975 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ፓሳዴና አጠገብ በሚገኘው የኦክ ግሮቭ መናፈሻ የመጀመሪያውን ቋሚ የዲስክ ጎልፍ ሜዳ አቋቋመ። መጀመሪያ ይወረወር የነበረው ምሰሶ ላይ ነው። ምሰሶ ደግሞ ጭቅጭቅ አያጣም፤ ‹‹ነክቷል››፣ ‹‹አልነካም›› ያሰኛል። ባለ ሰንሰለቱ ቅርጫት ከመጣ ወዲህ ግን ዲስኩ ወይ ውስጥ ነው ወይ ውጪ ነው። ሄድሪክ ለዚህ ፈጠራው በ1977 የባለቤትነት መብት አግኝቷል። የባለሙያ ዲስክ ጎልፍ ተጫዋቾች ማኅበርንም በ1976 የመሠረተው እሱ ነው። ሰውየው በ2002 ሲሞት በኑዛዜው መሠረት የአስከሬኑ አመድ ከፕላስቲክ ጋር ተቀላቅሎ ዲስክ ተሠራበት። እኛ ‹‹አፈር ይቅለለው›› እንላለን፤ ለሱ ግን ንፋስ ይቅለለው ማለት ሳይሻል አይቀርም።

ዛሬ ጨዋታው ገንዘብም አለው። ፖል መክቤዝ የተባለው የዓለም ሻምፒዮን በ2021 ዲስክራፍት ከተባለው ዲስክ አምራች ጋር የ10 ዓመት፣ የ10 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈርሟል። የኔ ወግ ግን ከሚሊዮን ጋር አይገናኝም። የኛ መግቢያ 10 ዶላር ነበር፤ እሱንም የከፈለልኝ ጋሼ ነው።

ጋሼ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። በ2016 ዓ.ም. ክረምት ሜሪላንድ እሱ ቤት ነበር የሰነበትኩት። አሜሪካ ከገባ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሌሊት ሌሊት ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ መኪና ማቆሚያ ይሠራል። ዲስክ ጎልፍን ያስለመደው አብሮት የሚሠራ ሰው ነው፤ አንድ ቀን ጠዋት ከሥራ ሲወጡ ‹‹ከመተኛትህ በፊት እግርህን አፍታታ›› ብሎ ወደ መናፈሻ ወሰደው፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም። ‹‹ሜዳው የሕዝብ ነው፣ መግቢያ የለ፣ ጫማ አይመርጥ፣ ዕድሜ አይጠይቅ›› እያለ ይሰብካል። እናቴ ግን በስልክ ስንነግራት አልተዋጠላትም። ‹‹ሳህን ስትወረውር ለመዋል ነው እንዴ አሜሪካ ድረስ የሄድከው?›› አለችኝ።

በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ጋሼን ተከትዬ እሄድ ነበር። ሁለት ወር ከወረወርኩ በኋላ ክለቡ የሚያዘጋጃት ዓመታዊ ውድድር ደረሰችና ‹‹አንተም ትገባለህ›› አለኝ። ሰላሳ የማንሞላ ሰዎች ነበርን። አናጺ አለ፣ ተማሪ አለ፣ ልጇን በጀርባዋ ያዘለች እናት አለች፣ ጡረተኛ አለ። ሁሉም ከፍሎ ከተመዘገበ በኋላ አራት አራት ሆነን ተመደብን። አራቱን ሰው ‹‹ካርድ›› ይሉታል፤ ውጤቱ በአንድ ካርድ ላይ አብሮ ስለሚመዘገብ ነው። እያንዳንዱ ካርድ ከተለያየ ሆል ይጀምርና ዞሮ ዞሮ 18ቱን ይጨርሳል።

ስለ ታግ ካልነገርኳችሁ የሚቀጥለው አይገባችሁም። የክለቡ አባላት በዓመቱ መጀመሪያ ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ ሳህን የምታክል መለያ ይወስዳሉ። ቦርሳቸው ላይ ያንጠለጥሏታል። ታግ የምትባለው እሷ ናት። አባላት ሲጋጠሙ ታጎቻቸውን መሀል ላይ ያኖራሉ፤ ጨዋታው ሲያልቅ የተሻለ የተጫወተው ትንሿን ቁጥር ይወስዳል፣ ሁለተኛው ቀጥላ ያለችውን፣ እንዲህ እያለ ይወርዳል። በኛ ክለብ ሁለት ሰው እኩል ከሆነ ትንሿን ይዞ የመጣው ይዞ ይሄዳል። ሽያጭ የላትም፣ ገንዘብ አታወጣም። ጋሼ ግን 6 ቁጥርን ከግንቦት ጀምሮ ሳያስነካ ይዞ ነበር። ለእንግዳ ሁሉ ያሳያታል። ሥራው ላይ ስሙን አስተካክሎ የሚጠራው ሰው እንኳ የለም፤ መናፈሻው ውስጥ ግን ‹‹ስድስት ቁጥር መጣ›› ይባልለታል። ይቺን ነገር ያኔ ልብ ብያታለሁ፤ ለዚህም ነው በኋላ የሆነው ነገር የከበደኝ።

ካርዳችን ላይ ጋሼ፣ እኔ፣ አንድ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርና አንዲት ነርስ ነበርን። ከመጀመራችን በፊት ዞር ዞር ብዬ አይቼ ‹‹ጋሼ፣ ዳኛው የታለ?›› አልኩት።

‹‹አራት ሰው አይደለን እንዴ?›› አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእንዲህ ያሉት ውድድሮች ጨዋታውን የሚዳኙት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸው። አንድ ነገር ሲያከራክር የካርዱ ሰዎች አይተው በብዙኃን ይወስናሉ። እኩል ለእኩል ሲሆኑና ጥርጣሬ ሲኖር ጥቅሙ ለወርዋሪው ነው። ውጤትም በየሆሉ ማብቂያ እያንዳንዱ ራሱ ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ‹‹ሦስት››፣ ‹‹አራት›› ይላል፣ ጸሐፊው ይመዘግባል። የተሳሳተ ውጤት አስመዝግቦ ያስረከበ ሰው ትክክለኛው ውጤቱ ላይ ሁለት ይጨመርበታል። ማን መጀመሪያ እንደሚወረውር እንኳ ጠብ የለበትም። ከመነሻው ላይ ያለፈውን ሆል ያሸነፈው ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ከቅርጫቱ የራቀው ይቀድማል። አንዱ ሲወረውር ሌላው አፉን ይዘጋል፣ አይንቀሳቀስም።

የገረመኝ የመጀመሪያው ነገር ፍለጋው ነው። አራተኛው ሆል ላይ የነርሷ ዲስክ ጥሻ ውስጥ ገባ። በሕጉ መሠረት ለፍለጋ የሚሰጠው ሦስት ደቂቃ ነው፤ ካልተገኘ ዲስኩ ጠፍቷል ይባልና አንድ ውርወራ ይቀጣበታል። ሴትየዋ ከጋሼ ጋር እኩል ነበረች። ዲስኳ ቢጠፋ የሚጠቀመው ጋሼ ነው። ጋሼ ግን ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ እሾህ መሀል ገባላችሁ! መምህሩም ከዘራቸውን ይዘው ቅጠሉን ይገላልጣሉ። ሦስቱ ደቂቃ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀር ጋሼ አገኘውና ‹‹ይኸውልሽ!›› ብሎ ከፍ አድርጎ አሳየ። ራሱ ያሸነፈ ይመስል ነበር ደስታው። ተጋጣሚህ ሲጠፋበት አብረህ ካልፈለግህለት ያንተ ማሸነፍ ምን ጣዕም አለው? ደግሞ የኔም ነገ ይጠፋል። ብዙ ሰው ዲስኩ ጀርባ ላይ ስሙንና ስልክ ቁጥሩን ይጽፋል፤ ያገኘው ሰው ደውሎ ይመልስለታል። ለጋሼ ራሱ ኩሬ የገባ ዲስክ ከወር በኋላ ተደውሎለት ያውቃል።

ሁለተኛው ስምንተኛው ሆል ላይ ነው። መምህሩ ከዛፎቹ መሀል ገብተው አንዴ ወረወሩ፣ ዲስኩ ወጣ፣ ቅርጫቱ አጠገብ አረፈ፣ አስገቡት። እኔ በልቤ ቆጥሬያለሁ፤ አምስት ነው። ጸሐፊዋ ነርስ ብዕሯን ይዛ ስትጠብቅ ሰውየው ‹‹ስድስት›› አሉ። ግራ ገብቶኝ አየኋቸው። ‹‹አንዱን አላያችሁትም፤ ግንዱን መትቶ ወደ ኋላዬ ተመለሰብኝ›› አሉ። ማንም አላየም። ዛፉ ብቻ ነው ያየው፤ ዛፍ ደግሞ አይመሰክርም።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር የበለጠ አስገረመኝ። ምንም አልሆነም! ‹‹ጎበዝ››፣ ‹‹ምን ዓይነት ሐቀኛ ሰው ነዎት›› ያላቸው የለም። ነርሷ 6 ብላ ጻፈች፤ ወደሚቀጥለው ሆል ሄድን። እኛ ሜዳ ላይ አንድ ልጅ ‹‹በእጄ ነክቻለሁ›› ቢል ወይ ሐውልት እናቆምለታለን ወይ ከቡድን እናባርረዋለን። እዚያ ግን እንደ መተንፈስ ያለ ነገር ነው፤ ለመተንፈስ ማን ይጨበጨብለታል?

እንዲህ እያልን 17ኛው ሆል ደረስን። ከቀኙ ትንሽ ጅረት አለች፤ ከጅረቷ ወዲህ ሣሩ ላይ ነጭ ቀለም ተሰምሯል። ከመስመሩ ወዲያ ውጪ ነው። መስመሩ ራሱም እንደ ውጪ ይቆጠራል። ዲስክ ውጪ የሚባለው ሁለመናው ውጪ ሲሆን ነው፤ ጫፉ እንኳ ወደ ውስጥ ካለፈ ግን ደህና ነው። ከሆነ አንድ ውርወራ ይጨመርብሃል። ሕጉ ይኸው ነው፤ ያስተማረኝም ራሱ ጋሼ ነው።

ጋሼ ወረወረ። ዲስኩ ቅርንጫፍ ነክቶ ወደ ቀኝ ተንሸራተተና መስመሩ አካባቢ ወደቀ። የኔም ዲስክ ከዚያው ብዙ ስለማይርቅ ቀድሜ ደረስኩ። ከበላዩ ቆሜ አየሁት። ዲስኩ መስመሩ ላይ ተኝቷል፤ በሱና በውስጠኛው ሣር መካከል ግን ሁለት ጣት የምታክል ነጭ ቀለም ትታያለች። ሁለት ጣት ብቻ! ሌሎቹ ሁለቱ ከኛ ማዶ ወደ ግራ በኩል ናቸው። መምህሩ ከሩቅ ‹‹ውስጥ ነው ውጪ?›› ብለው ተጣሩ።

ጋሼ ቁልቁል መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ዲስኩን አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በአማርኛ ‹‹ገብቷል፣ አይደል?›› አለኝ።

አማርኛ የሚሰማ ከሁለታችን በቀር አልነበረም። ያቺ ቋንቋ ያን ጊዜ እንደ አንድ ትንሽ ክፍል ሆነችብኝ፤ እሱና እኔ ብቻ ያለንባት፣ በሯ የተዘጋ። ውስጧ ያለው ደግሞ ብዙ ነው። የሰው አገር ላይ ተቀብሎ ያስተኛኝ ሰው ነው። ከሌሊት ሥራ መጥቶ ሳያርፍ ከተማ ያሳየኝ ሰው ነው። የእናቴ ወንድም ነው። መግቢያዬን የከፈለው እሱ፣ የወረወርኩት ዲስክ የሱ። ሁለት ጣት ቀለም ከዚህ ሁሉ ፊት ምንድን ናት? ደግሞ ‹‹ጥርጣሬ ካለ ለወርዋሪው ነው›› ይላል ሕጉ። አንድ ‹‹እህ›› ብል ይበቃል።

ጥርጣሬ ግን አልነበረም። ነጩ ይታያል።

‹‹ጋሼ፣ ነጩ እኮ ይታያል›› አልኩት።

ዝም አለ። እኔም ወደ ማዶ ዞሬ በእንግሊዝኛ ‹‹ውጪ ነው!›› ብዬ ተናገርኩ። መምህሩ እጃቸውን አንስተው ሰማሁ አሉ። ጋሼ ጎንበስ ብሎ ዲስኩን አነሳና በሱሪው ጠረገው። ‹‹እሺ›› አለ። ሌላ ምንም አላለም።

ያቺ አንድ ውርወራ ምን እንዳደረገች የታወቀው ወደ መሰብሰቢያው ተመልሰን ካርዶቹ ሁሉ ሲደመሩ ነው። ጋሼ 58 ሆነ። 11 ቁጥር ታግ ይዞ የመጣ አንድ ወጣት 57 ሆነ። እኩል ቢሆኑ ኖሮ 6 ቁጥር ከጋሼ አትወጣም ነበር። ታጎቹ ተራ በተራ ሲታደሉ 6 ለልጁ ተሰጠች፣ ለጋሼ ቀጥላ ያለችው ደረሰችው። እሷም 9 ነበረች። ነርሷ ሳቅ ብላ ‹‹ምን ቸገረህ፣ ገልብጠህ አንጠልጥላት!›› አለችው። ሁሉም ሳቀ። ጋሼ ልጁን ጨብጦ ‹‹ይገባሃል›› ብሎታል፤ ግን አልሳቀም። እኔን አላየኝም።

መኪና ውስጥ ሬዲዮ ከፈተ። ቤት ስንደርስ ባለቤቱ ‹‹እንዴት ዋላችሁ?›› ስትለን ‹‹ደህና›› ብሎ ገብቶ ተኛ። እሑድም ያው ነው፤ ሰኞም። አልተቆጣኝም፣ አልሰደበኝም። ‹‹ጋሼ፣ ቡና ደረሰ›› ስለው ‹‹እሺ›› ይላል። እሺ ደግሞ ስንት ዓይነት እንዳለው የምታውቁት ታውቁታላችሁ። አንዱ እሺ ከስድብ ይከብዳል።

በነዚያ ቀናት ብዙ አሰብኩ። ያደረግሁት ስህተት ነው አላልኩም፤ አሁንም አልልም። ያሰብኩት ስለ ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ክፉ ነገር አይደለም። ታላቅን ከታናሽ፣ እንግዳን ከባለቤት አስማምቶ የሚያኖረን እሱ ነው። ታላቅ ሰው ፊት መሟገትን ያስከለከለን፣ የበላንበትን ቤት እንዳናማ ያደረገን እሱ ነው። ነገር ግን ይሉኝታ ዳኛ ይፈልጋል። እኛ ለምን ፊሽካ እንደምንወድ ያኔ ገባኝ። ዳኛ ካለ እኔ በወንድሜ ላይ አልመሰክርም፤ እሱ ይመስክር፣ እሱ ይጠላ። ስድቡን ከፍለን ይሉኝታችንን ከሱ እንገዛለን። ዳኛው ሲነሳ ግን ሰውየውና አንተ፣ ከመሀላችሁ ደግሞ ሁለት ጣት ቀለም ብቻ ትቀራላችሁ።

የወዳጅነት ውድድር የምንለውንም አሰብኩ። እኛ ዘንድ ‹‹የወዳጅነት ጨዋታ ነው፣ አታክር›› ይባላል፤ ተወው፣ እለፈው ለማለት ነው። እዚያ መናፈሻ ውስጥ ያየሁት ወዳጅነት ግን ዲስኩን ከእሾህ መሀል ይፈልግልሃል፤ ስታገኘው ደግሞ ውጪ ከሆነ ውጪ ነው ይልሃል። ሁለቱም ከአንድ ቦታ ነው የሚመጡት። ሦስት ደቂቃ ሙሉ አብሮኝ የፈለገ ሰው ‹‹ውጪ ነው›› ሲለኝ አምነዋለሁ። ለማንም የማይፈልግ ሰው ቢለኝ ግን እንጣላለን።

‹‹ይሄ ለሰላሳ ሰው ይሆናል፣ ለትልቅ ውድድር ግን አይሠራም›› የሚለኝ አይጠፋም። ለዚህ የሚሆን ማስረጃ በዚሁ በዲስክ ጨዋታ ቤተሰብ ውስጥ አለ። አልቲሜት የሚባል አለ፤ ሁለት ቡድን ሆኖ ዲስክ እየተቀባበሉ የሚሮጡበት ነው። በ1968 ኒው ጀርሲ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጀመሩት። በዓለም ሻምፒዮናውም ሳይቀር ጥፋት የሚጠሩት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸው። ሰዎቹ መላእክት ስለሆኑ አይደለም፤ ይጨቃጨቃሉ። ግን ጭቅጭቁ ከአጥፊውና ከተጎጂው ጋር ነው፤ ሦስተኛ ሰው ላይ አይደፉትም።

ደግሞ እኛስ ይህን አናውቀውም እንዴ? እህቶቻችን በልጅነታቸው ግቢ ውስጥ ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ ማን ዳኝቷቸው ያውቃል? በከሰል መሬት ላይ ያሰምራሉ፣ በአንድ እግር እንጣጥ ይላሉ፣ መስመር የረገጠች ትወጣለች። ‹‹ረግጠሻል!›› የምትላትም ታናሽ እህቷ ልትሆን ትችላለች። ተኳርፈው ያድራሉ፤ ጠዋት እዚያው መስመር ላይ ይገናኛሉ። ቆርኪ ደርድረው ዳማ የሚጫወቱትም የሰፈር ጎልማሶች ፊሽካ አይፈልጉም። ስለዚህ ነገሩ ከባሕር ማዶ የሚመጣ አይደለም፤ አድገን የተውነው ነው።

ከጋሼ ጋር የሆነውን ሳልጨርስ አልተውም። ረቡዕ ጠዋት ከሥራ ሲመለስ እንደ ልማዱ አልተኛም። ቡናውን ይዞ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

‹‹መናፈሻው ሄጄ ነበር›› አለኝ።

‹‹አሁን?››

‹‹አዎ። ቀለሙ አልጠፋም። ዲስክ አስቀምጬ አየሁት። እኔ ከቆምኩበት ከወደ ላይ ሲታይ ነክቷል ያሰኛል። አንተ በነበርክበት ሲሆን ግን…›› አለና ቡናውን ፉት አለ። ያን ቀን የጠየቀኝ አይቶ ነው ወይስ እንዲያው ተመኝቶ፣ አላውቅም፤ ልጠይቀውም አልፈለግሁም። ቅርቡ የቆመ ሰው የሚያየውን ሩቅ የቆመ አያየውም፤ ለዚህም ነው ጥያቄው ቅርብ ላለው ሰው የሚቀርበው።

ከዚያ ቦርሳውን ሳብ አድርጎ 9 ቁጥሯን አሳየኝ። ገለበጣት። ስድስት ሆነች።

‹‹እንዲህ አድርጌ ባንጠለጥላት ማን ያውቃል?›› አለኝ።

‹‹እኔ›› አልኩት።

ሳቀ። በአራት ቀን ውስጥ የመጀመሪያው ሳቁ ነው። ‹‹እሱማ አንተ አለህ›› ብሎ ወደነበረችበት መለሳትና ሊተኛ ሄደ። በማግሥቱ ቅዳሜ የማን ካርድ ውስጥ እንደምገባ ሲጠይቁት ‹‹ከኔ ጋር›› ማለቱን ባለቤቱ ነገረችኝ።

እንግዲህ ለዲፓርትመንታችን ልጆች አንድ ሐሳብ አለኝ። የባች ውድድር ሲደርስ ዳኞቹን ይሸኙ አልልም፤ እነሱም ውሃቸውን እየጠጡ ጥላ ሥር የሚያርፉበት አንድ ጨዋታ ብቻ ቢሰጣቸው። ለዋንጫ የማይቆጠር ቢሆንም ግድ የለም። በእጁ የነካ ራሱ እጁን ያውጣ። የገዛ ቡድኑ ልጅ መስመር ማለፏን ካየ፣ ያየው ይናገር። እንኳረፍ ይሆናል። እስከ ረቡዕ ድረስ ነው።